ቆማ የከረመች መኪና ማርሿ ሲከብድ

መኪና የወንድ ጉዳይ ብቻ የነበረበት ዘመን ማለፉን ለማወቅ፣ ጠዋት በደሴ ፒያሳ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ወደ ሥራ የሚቻኮሉትን እናቶች ማየት ይበቃል። ጋራዥ ሲገባ ግን ጠያቂውም ወሳኙም ሌላ ሰው ነው። ስለ ማርሽ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰባችን ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አሮጌዋ ኮሮላችን ባትሪዋና ጎማዎቿ ተፈትተው፣ በማገዶ እንጨት ተሸፍና ግቢ ቀረች። ከተማዋ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መጨረሻ ነፃ ብትወጣም እኛ የተመለስነው ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ሞተሯ ብዙ ሳያስቸግር ተነሣ፤ ማርሽ ግን በሁለት እጅም አልገባ አለ። የጠራነው መካኒክ ገና ሳይነካት «ካምቢዮው ይውረድ» አለን። ይህ ማለት የአንድ ወር ደመወዝ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ የጎረቤት ሾፌር ግን «መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ሞክሩ» አሉን። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ። (ጥርስ ከጥርስ ገጥሞ እምቢ ቢል መኪናዋን ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው።) ሞተሩ ጠፍቶ በቀላሉ የሚገባው ማርሽ ሞተሩ ሲነሣ የሚታገልና የሚንኳኳ ከሆነ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የፍሪሲዮኑ እንጂ የካምቢዮው አይደለም። የእኛም እንዲሁ ሆነ። መርገጫው ላላ ብሎ ወለል ድረስ ይወርድ ነበር፤ የፍሪሲዮኑ ዘይት ጎድሏል፤ በፓምፑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ደርቀዋል። እነርሱ ተለውጠው፣ አዲስ ዘይት ተሞልቶ፣ አየሩ ሲወጣ ማርሹ ገባ። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ቆሞ የከረመው መለወጥ አለበት፤ የፍሬኑም ጭምር። መርዝ ነውና የተረፈውን በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጅ ጠርሙስ አይቶ አያልፍም።

ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ካለ፣ በእርጥበት ዝጎ ዲስኩ ተጣብቆ ይሆናል። መርገጫውን በእንጨት ደግፎ ሌሊቱን ተጭኖ እንዲያድር ማድረግ አንዳንዴ ያላቅቀዋል።

ሞተሩ ጠፍቶም ከከበደ ነገሩ ሌላ ነው። ማርሹን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ደርቀው ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ወይም የካምቢዮው ዘይት አርጅቷል። ጠዋት ከብዶ መኪናዋ ስትሞቅ የሚለሳለስ ከሆነ ዘይቱን ጠርጥሩ፤ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ስትለውጡ የመኪናዋ መመሪያ የሚያዘውን ዓይነት ጠይቁ እንጂ ሱቁ ያለውን አትቀበሉ፤ ለሌላ ክፍል የተሠራ ወፍራም ዘይት ማርሹን መልሶ ያከብደዋል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ ሁሉም እንደ ፒያሳችን ከጣሊያን የቀሩ ቃላት ናቸው፤ ስማቸውን ለይቶ መጥራት ብቻ መካኒኩን ጠንቀቅ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ ቁልቁለት ነው። በቁልቁለት መኪናን የሚይዘው ዝቅተኛ ማርሽ ነው፤ ፍሬን ብቻ የረገጠ ፍሬኑን አግሎ ያደክመዋል። መሐል ላይ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ቢል መኪናዋ ያለ ማርሽ ትንደረደራለች፤ ከኋላ ደግሞ ልጆች ተቀምጠዋል። ስለዚህ ባለቤቴ ዛሬውኑ እንሂድ ቢልም አልተስማማሁም። አንድ ሳምንት ሙሉ በሜዳው መንገድ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳንርቅ ነዳናት። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ያለ ትግል መግባቷን በብርዱም በሙቀቱም ካየሁ በኋላ፣ መጀመሪያ ልጆቹን ሳንጭን ሁለታችን ብቻ ወረድን።