ሙያተኛ ቀጥሮ ሙያውን መንፈግ

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ንባብ ልምድና ስለ ጓደኝነት ብዙ ተጽፏል። ዛሬ እኛ ይዘን የቀረብነው ግን ስለ አንድ የግቢ መንገድ ነው። «የግቢ መንገድ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እንደዚሁ ባልን ነበር። ነገር ግን በዚያች 12 ሜትር መንገድ ሰበብ በአንድ ሰው ላይ የፈጸምነው በደል እስከ ዛሬ ከኅሊናችን አልወጣም። ነገ መምህር ለምንባል ሰዎች ትምህርት ይሆናል ብለን ስላመንን ሳንደብቅ ለመጻፍ ተነሣሥተናል።

ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። አገሩን በስም የሚያውቅ ሁሉ ብርዱንና ውርጩን ያነሣል፤ ጭቃውን የሚያውቀው ግን የእኛን ሰፈር በክረምት የረገጠ ብቻ ነው። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃውን ጠጥቶ ያብጥና ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር ማጥ ይሆናል። ከውጭው በር እስከ በረንዳችን ያለው መንገድ እንዲህ ያለ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ አያታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚያው ላይ ተንሸራተው ወደቁና እጃቸው ተሰበረ። ክረምቱን በሙሉ በጀሶ ታስሮ ከረመ።

እናታችን የዚያን ዕለት «ከእንግዲህ ይህ ጭቃ ሰው አይጥልብኝም» አለች። በማግስቱ ዓመት እቁቧ ሲደርሳት ገንዘቡን ለእኛ ለልጆቿ ሰጠችንና «የተማራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ደኅና ባለሙያ ፈልጋችሁ ድንጋይ አስነጥፉ፤ ግራና ቀኙን ለአትክልት ተዉልኝ» ብላ ኃላፊነቱን ጣለችብን። እኛም ኮራን። የተማረ ሰው መባል እንዴት ያለ ነገር ነው!

መጀመሪያ ያመጣናቸው በዕድሜ የገፉ ግንበኛ ነበሩ። መንገዱን ይለካሉ ብለን ስንጠብቅ ቀና ብለው ጣሪያውን ያዩ ጀመር። «የጣሪያው ውሃ የት ነው የሚወርደው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ አስቀዱና በሩ አጠገብ ደፍተው ወዴት እንደሚፈስ ቆመው ተመለከቱ። ውሃው ተጠማዞ ወደ ማድ ቤታችን ሄደ። እርሳቸውም «አያችሁ፤ ይህ ነው ጠላታችሁ» አሉን።

ቀጥለውም ሥራው ምን እንደሚጠይቅ አስረዱን። መረሬው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ መውጣት አለበት። በቦታው 15 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ በሁለት ዙር እየተጠቀጠቀ ይገባል፤ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይለበሳል፤ ከዚያ በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ድንጋይ ይደረደራል። ድንጋዮቹ እንዳይበተኑ ጠርዝ ጠርዙ በሲሚንቶ በተያዘ ትልልቅ ድንጋይ ይታሰራል። መንገዱ ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ በጎኑም ቦይ ያስፈልገዋል። የአትክልቱ መደብ ከመንገዱ ከፍ ካለ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ድንጋዩ ላይ ስለሚያመጣው ዝቅ ብሎ ይሠራል። ግድግዳውን ተጠግቶ የበቀለውን ባሕር ዛፍ አይተውም «ይህ የመሬቱን ውሃ እየጠጣ አፈሩን ያኮማትረዋል፤ ግድግዳው የተሰነጠቀው ያለ ነገር አይደለም» አሉ።

የእጅ ዋጋቸው 14 ሺህ ብር ነበር። ዕቃው ለብቻ ነው።

«እናስብበትና እንጠራዎታለን» ብለን ሸኘናቸው። ከበር ሲወጡ ግን ሳቅን። ለ12 ሜትር 14 ሺህ! ድንጋይ መደርደር እኮ ነው! ጥሬ ድንጋዩን እንጂ ዕውቀቱን አልቆጠርነውም። ያ ሁሉ የጣሪያና የባልዲ ነገር ዋጋ ለማስወደድ የተደረገ ብልጠት መሰለን።

በማግስቱ ማለዳ የቀን ሠራተኞች ከሚቆሙበት አደባባይ ሄድን። እዚያ አንድ ወጣት የኮብልስቶን ሠራተኛ አገኘንና በ9 ሺህ ብር ተስማማን። 3 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠነው። የጽሑፍ ውል የለ፤ ምስክር የለ፤ ከበር ላይ ተነጋግረን «እሺ»፣ «እሺ» ተባባልን።

ይህ ወጣት መሬቱን በአካፋ ጫር ጫር አድርጎ ሲያይ እርሱም ያንኑ ተናገረ፤ «ገረጋንቲ ያስፈልገዋል» አለ። እኛ ግን የገረጋንቲውንና የመኪናውን ሒሳብ ስናሰላ ገንዘቡ የሚተርፈን አልሆነም። «ተወው፤ አሸዋ ብቻ አልብሰህ ደርድረው» አልነው። የመለሰልንን ቃል ዛሬም አንረሳውም።

«ወንድሞቼ፣ ደርድር ካላችሁኝ እደረድራለሁ። መሬቱ ግን አይሸከመውም። ክረምት ሲመጣ እኔን እንዳትወቅሱኝ።»

«ግድ የለህም፤ ኃላፊነቱ የእኛ ነው» አልነው። ታናሽ እኅታችን ቡና እየቆላች ትሰማ ነበር።

ግንቦት ላይ በአምስት ቀን ጨረሰው። በመካከሉ 2 ሺህ ብር ጨመርንለት፤ 4 ሺህ ብር ቀረው። መንገዱ ሲያዩት ያምራል። ጎረቤት እየመጣ አደነቀ፤ እኛም «እንዲህና እንዲያ አድርገን አሠራነው» እያልን ሙያውን ለራሳችን ወሰድን። የቀረውን ገንዘብ «በወሩ መጨረሻ ና» አልነው። ወሩ ሲያልቅ «በሚመጣው ሳምንት»፣ ሳምንቱ ሲደርስ «እናታችን የለችም» እያልን ሰኔ ገባ።

ሐምሌ ሳይጋመስ መንገዱ ሰመጠ። መካከሉ ወርዶ ኩሬ ሠራ፤ ጠርዙ ተከፈተ፤ ውሃው እንደ ድሮው ወደ ማድ ቤት ገባ። ልጁ ቀሪ ገንዘቡን ሊጠይቅ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከበር ላይ አስቁመን «ሥራህን እየው! ለዚህ ነው የምንከፍልህ?» አልነው። «ነግሬያችሁ ነበር እኮ» አለ። «ባለሙያ ብትሆን ኖሮ አታበላሸውም ነበር» ብለን ዘጋነው። ድንጋዩን ትንሽ ተመለከተና «ይሁን፤ እግዜር ያውቃል» ብሎ በዝናቡ ውስጥ ሄደ። ክርክር እንኳ አልጨመረም።

በዚህም አላበቃንም። ከጎናችን ያሉት ጎረቤት ግቢያቸውን ለእርሱ ሊሰጡ አስበው ነበርና ስለ ሥራው ጠየቁን። «ኧረ እንዳያስጠጉት! የእኛን አበላሽቶ ነው የሄደው» አልናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለምን?

እናታችን ከማድ ቤት ውሃ እየጠረገች ጉዳዩን መመርመር ጀመረች። «ገረጋንቲ አያስፈልግም ያለው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችን። ዝም አልን። እኅታችን ግን የሰማችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። እናታችን አልጮኸችም። «አያታችሁ የወደቁት ጭቃ ላይ ነው፤ እናንተ ግን በደረቅ ወደቃችሁ» ብላ ብቻ 4 ሺህ ብር ቆጥራ ሰጠችን። «ሂዱና ፈልጉት» አለች።

ሦስት ማለዳ ያንን አደባባይ ተመላለስን። ስሙን እንኳ በቅጡ ስላልያዝነው የምንጠይቀው ጠፍቶን ነበር፤ አምስት ቀን ሙሉ ግቢያችን የዋለ ሰው «አንተ» እየተባለ ነበር የዋለው። በአራተኛው ቀን አገኘነው። ገንዘቡን ሰጥተን ይቅርታ ጠየቅን። ቆጥሮ ኪሱ ከተተና እንዲህ አለ፦ «ገንዘቡን ተቀብያለሁ። ስሜንስ? ጎረቤታችሁ ሥራ ሊሰጡኝ ተስማምተን ነበር። ምን ሰምተው እንደከለከሉኝ አውቃለሁ።»

ውድ ጓደኞቻችን፣ ይህን ምን ብለን እንመልሰው? የዚያኑ ዕለት ጎረቤታችን ቤት ሄደን ጥፋቱ የእኛ እንደነበረ ተናገርን። ጎረቤታችን አዝነው ሰሙን፤ ሥራውን ግን ለሌላ ሰው ሰጥተው ቀብድ ከፍለው ነበር። ገንዘብ ዘግይቶም ቢሆን ይመለሳል። ስም ግን እንደ ፈሰሰ ውሃ መሆኑን ያን ቀን አየን።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠንከር ሲል፣ አምና ጥቅምት፣ እናታችን አዛውንቱን ግንበኛ ራሷ ሄዳ ለመነቻቸው። እርሳቸውም ሲመጡ ረዳት እንዲሆናቸው ያንኑ ወጣት ይዘውት መጡ። ድንጋዩ ሁሉ ተነሣ፤ አሸዋው ጭቃ ሆኖ ስለነበር ተጣለ። በዚህ ጊዜ እኛ ባሬላ ተሸካሚዎች ሆንን። የመንገዱ ስፋት አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ስለዚህ 18 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህን በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ስታበዙት 5 ሜትር ኩብ ከግማሽ ገደማ ጭቃ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ማባዛት ናት፤ በባሬላ ግን ወገብ ትሰብራለች። በአንድ ካሬ ሜትር 100 ያህል ድንጋይ ስለሚገባ በጠቅላላው 1,800 ድንጋይ አንድ በአንድ በእጅ ተመርጦ፣ በሲባጎ ተስተካክሎ፣ በመዶሻ ተመትቶ ይቀመጣል። የሳቅንበት «መደርደር» ይህ ነበር።

ለድጋሚው የእጅ ዋጋ 12 ሺህ ብር ከፈልን። ከፊተኛው 9 ሺህ ጋር 21 ሺህ ሆነ። 14 ሺህ በዛብን ያልነው እኛ ነን! ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

እንግዲህ ከዚህ ምን ተማርን? አንደኛ፣ ባለሙያ ሲቀጠር የሚገዛው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ «አይሆንም» የሚለው ቃሉም ጭምር ነው። ምክሩን ጥለን እጁን ብቻ ከፈለግን፣ ጥፋቱ ሲመጣ ባለቤቱ እኛ ነን።

ሁለተኛ፣ ውል ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመሠረቱ ውል በቃልም እንዲጸና ይፈቅዳል፤ ሕጉ ራሱ ጽሑፍ የሚጠይቅባቸው ውሎች ሲቀሩ። ቀብድም የውሉ መደረግ ማስረጃ መሆኑን ይደነግጋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሆኖም ማን ምን እንዳለ፣ ገረጋንቲውን ማን እንዳስቀረ፣ በቃል ብቻ ሲሆን የሚያስታውሰው ሁሉም ለራሱ በሚያመቸው መንገድ ነው። ከአንድ ደብተር የተቀደደች ወረቀት ብትኖረን ኖሮ እንደዚያ ደፍረን ባልዋሸን ነበር። ልኩ፣ ዋጋው፣ ዕቃውን የሚያቀርበው፣ ክፍያው የሚፈጸምበት ቀን፣ ባለሙያው የሰጠው ማስጠንቀቂያም ቢሆን ይጻፍ።

ሦስተኛውና ዋናው ንቀታችን ነው። አገራችን አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስትሰድብ የኖረች ናት፤ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአፄ ምኒልክ ዘመን አዋጅ እስከ መነገር ደርሷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ የኮብልስቶን ሥራ በከተሞቻችን ሲስፋፋ ብዙ ወጣት እንጀራ አገኘበት፤ ዲግሪ ይዘው ድንጋይ የጠረቡ ወጣቶችም መቀለጃ ሆኑ። እኛም «የተማራችሁ» መባላችን ያንን ንቀት አላስለቀቀንም፤ እንዲያውም ጨመረልን። ሥራ ክቡር ነው እያልን በክፍል ውስጥ የምናስተምር ከሆነ፣ ከግቢያችን በር ላይ ያለውን ሠራተኛ በስሙ መጥራት ይቅደም።

ደግሞ እናስብ፤ ነገ እኛም ባለሙያዎች ነን። ወላጅ ወይም አለቃ መጥቶ «ማንበብ ባይችልም ግድ የለም፤ ዝም ብለህ አሳልፈው» ይለናል። «መሬቱ አይሸከመውም» ለማለት ድፍረቱ ይኑረን። ያለ ገረጋንቲ የተደረደረ ድንጋይ ክረምት ሲመጣ እንደሚሰምጥ፣ መሠረት የሌለው ተማሪም ከፍ ያለ ክፍል ሲደርስ ይሰምጣልና።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ እንደ ልማዱ ወረደ። መንገዱ አልነቃነቀም፤ ውሃው በቦዩ ወጣ። እናታችን ግራና ቀኙን ጤና አዳም፣ ጎመንና ጽጌረዳ ተክላበታለች። አያታችን ምርኩዛቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም በሩ ላይ ቆመው የሠሩትን ሰዎች ይመርቃሉ። እኛ ያንን ምርቃት ስንሰማ አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን። የወጣቱን ስም ዛሬ በደንብ እናውቀዋለን፤ ግቢ ማስነጠፍ የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀንም አስቀድመን የምንጠራው እርሱን ነው። ዕዳችንን ግን ከፍለን ጨርሰናል አንልም።