እምቢ ለማይል ሰው ስንት ይጠየቃል?

ኦንላይን ፖከር የሚጫወቱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷት ጥያቄ አለች፦ «ጠንካራ ካርታ ሲደርሰኝ ሰውዬው እንዳይሸሽብኝ ስንት ላስይዝ?» መልሱን የሚያበላሸው ጥያቄው ራሱ ነው። ጥያቄው፣ ሰውዬው እንደሚሸሽ አስቀድሞ ወስኗል። በአነስተኛ ገንዘብ በሚጫወቱባቸው ጠረጴዛዎች ላይ የሚገጥመን ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊሸሽ አልመጣም፤ ሊያይ ነው የመጣው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ አመሻሹ ላይ ስልኩን የከፈተው፣ ካርታ እየጣለ ሌሎች ሲጫወቱ ለመመልከት አይደለም።

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ትንሽ ሒሳብ አለው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከሒሳብ ያለፈ ጉዳይ አለ።

የማወራው ኖ ሊሚት ቴክሳስ ሆልደም ስለሚባለው ጨዋታ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይደርሱታል። ከዚያ ለሁሉም የሚያገለግሉ አምስት ካርታዎች መሀል ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት ባንድ ጊዜ (ፍሎፕ)፣ ቀጥሎ አንድ (ተርን)፣ በመጨረሻም አንድ (ሪቨር)። በየመሀሉ ገንዘብ ይያዛል፤ የተጠራቀመው ገንዘብ ፖት ይባላል። የተጠየቀውን ከፍሎ መቀጠል ኮል ነው፤ ከተጠየቀው በላይ መጨመር ሬዝ ነው፤ ካርታ መጣል ደግሞ ከዙሩ መውጣት ነው። ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጠንቃቃ ተጫዋች ከ100 ዙር በ20 ወይም በ25ቱ ቢገባ ነው። ልቅ የምንለው ሰው በ40ውም በ50ውም ይገባል፤ ከገባ በኋላም መውጣት አይሆንለትም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ፍሎፑ ሲገለጥ ፖቱ ላይ 10 ዶላር አለ እንበል፤ ሁለታችሁም ፊታችሁ 150 ዶላር አላችሁ። እናንተ ሦስት ተመሳሳይ ካርታ አግኝታችኋል። ፍሎፕ፣ ተርንና ሪቨር ላይ የፖቱን ግማሽ ብታስይዙና እሱ ኮል ቢያደርግ፣ መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 10፣ ከዚያ 20፣ በድምሩ 35 ዶላር ይከፍላችኋል። በሦስቱም ላይ የፖቱን ሙሉ ብታስይዙስ? 10፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 90፤ ድምሩ 130 ዶላር። ከፖቱ አንጻር በየጊዜው የጠየቃችሁት ሁለት እጥፍ ነው፤ የተገኘው ግን አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የፍሎፑ ገንዘብ የተርኑን ፖት ያሳድጋል፣ የተርኑ ደግሞ የሪቨሩን። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ «እንዳይደነግጥ» ብላችሁ የቀነሳችኋት 5 ዶላር፣ መጨረሻ ላይ ልትጠይቁ የምትችሉትንም አብራ ታሳንሰዋለች።

ሌላ ምሳሌ። እናንተ ሁለት አስ ይዛችኋል፤ እሱ ፍለሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) ለመሙላት አንድ ካርታ ቀርቶታል። ካላያቸው 47 ካርታዎች 9ኙ ይሞሉለታል፤ ቀጣዩ ካርታ ከነዚህ አንዱ የመሆን ዕድሉ 19 በመቶ ገደማ ነው። ሌላውን ሁሉ ትተን ይህቺን አንዲት ካርታ ብቻ እናስላ። 10 ዶላር ባለው ፖት ላይ የፖቱን ሲሶ ብታስይዙ፣ ኮል ባደረገ ቁጥር በአማካይ የሚያጣው 14 ሳንቲም ነው፤ በወጪ ዋጋ እንደሸጣችሁለት ቁጠሩት። ግማሹን ብታስይዙ 1 ዶላር ከ17 ሳንቲም ያጣል። ሙሉውን ብታስይዙ 4 ዶላር ከ26 ሳንቲም። ካርታው ያው ነው፣ ሰውዬውም ያው ነው፤ የተለወጠው የእናንተ ድፍረት ብቻ ነው።

የፖከር ጸሐፊው ዴቪድ ስክላንስኪ ለፖከር መሠረት ብሎ ያስቀመጠው ሐሳብ እዚህ ላይ በደንብ ይታያል፦ ተቃራኒያችሁ ካርታችሁን ቢያይ ኖሮ የማያደርገውን ባደረገ ቁጥር እናንተ ታተርፋላችሁ። ሲሶ ስታስይዙ የፍለሽ ጠባቂው ኮል ስሕተት አይደለም ማለት ይቻላል። ስሕተት የሚያደርገው የጠየቃችሁት ዋጋ ነው።

«ብዙ ብጠይቅ ግን ይጥላል» ትላላችሁ። አንዳንዱ ይጥላል። ልቅ ተጫዋች ግን የሚያስበው «ካርታዬ የሆነ ነገር አለው ወይስ የለውም?» ብሎ ነው፤ «ዋጋው ስንት ነው?» የምትለዋ ጥያቄ እምብዛም አትመጣለትም። ጫት ቃሚ ዋጋው ጨመረ ብሎ ከምርቃናው እንደማይቀር ሁሉ፣ እሱም ፍለሽ እየጠበቀ 5 ዶላር ሆነ 10 ዶላር ሆነ ብሎ አይቆምም። ቢቆም እንኳ ሒሳቡ ለእናንተ ይፈርዳል፦ ሪቨር ላይ እንደምታሸንፉ እርግጠኛ ከሆናችሁ፣ 90 ዶላር ጠይቃችሁ ከሁለት አንዴ ቢከፍላችሁ በአማካይ 45 ዶላር ነው። 45 ጠይቃችሁ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ቢከፍላችሁ 40 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ዋጋ በእጥፍ ሲያድግ ከኪሳራ ለመዳን ግማሹ ደንበኛ ብቻ ይበቃል።

ታዲያ ሰው ይህን እያወቀ ለምን ያሳንሳል? ሁለቱ ኪሳራዎች እኩል ስለማይታዩን ይመስለኛል። ብዙ ጠይቃችሁ ሰውዬው ካርታውን ሲጥል ኪሳራው ዓይናችሁ ሥር ነው፤ «ምነው በትንሹ ባደረግሁት» ትላላችሁ። ትንሽ ጠይቃችሁ ሲከፍላችሁ ግን አሸንፋችኋል፤ ስክሪኑ ላይ ቺፑ ወደ እናንተ ሲንሸራተት ደስ ይላል። ሦስት እጥፍ ቢጠየቅም ይከፍል እንደነበረ የሚነግራችሁ የለም። ያልተጠየቀ ገንዘብ መዝገብ ላይ አይወጣም። ብዙ ሰው የውርርዱን መጠን የሚቆርጠው በተቃራኒው ባሕርይ ሳይሆን በራሱ ፍርሃት ልክ ነው።

ሶፍትዌሩም ያግዘናል። «ግማሽ ፖት» የምትለዋ ቁልፍ ጣታችን ሥር ተዘጋጅታ ትጠብቀናለች፤ ሳናስብ እንጫናታለን። አዳዲሶቹ የማሠልጠኛ ፕሮግራሞችም በብዙ ፍሎፖች ላይ ትንሽ ማስያዝን ያስተምራሉ። እነሱ የሚያሰሉት ግን ስሕተት ለማይሠራ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፒትስበርግ ውስጥ አራት ምርጥ ባለሙያዎችን በ120,000 ዙር ያሸነፈው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው የፖከር ፕሮግራም ሊብራተስ የተሠራው ማንም ቀዳዳ እንዳያገኝበት ነበር፤ ጠንካራውንም ብላፉንም (ባዶ ካርታ ይዞ ማስፈራራቱንም) በአንድ መጠን እየደበቀ፣ አንዳንዴም ከፖቱ በላይ እያስያዘ። መደበቅ የሚያስፈልገው ግን የሚያይ ሲኖር ነው። የእኛ ሰውዬ የራሱን ካርታ እንጂ የእኛን መጠን አይከታተልም። በዚያው ልክ ብላፋችሁንም አያምንም፤ ስለዚህ ባዶ እጅ ይዞ እሱን ለማስፈራራት መሞከር ገንዘብ መስጠት ነው። በትልቁ ማስያዝና ብላፍ መተው አብረው ይሄዳሉ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ልቅ ተጫዋች በደንብ የሚከፍለው ተስፋ እያለው፣ ማለትም ፍሎፕና ተርን ላይ ነው። ሪቨር ላይ ፍለሹ ካልሞላ 2 ዶላርም አይከፍልም፤ ጥንድ ካለው ደግሞ ብዙም ይከፍላል። «መጀመሪያ ላባብለው፣ መጨረሻ ላይ እሰበስባለሁ» የሚለው ስልት እሱ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። ተስፋው ሲያልቅ ደንበኛነቱም ያልቃል።

ይህ ሁሉ ልክ አለው። ዝም ብሎ ኮል ሲያደርግ የቆየ ሰው ድንገት ተርን ላይ ሬዝ ካደረገ፣ አንድ ጥንዳችሁ ጠንካራ መሆኑ እዚያው ላይ አብቅቷል፤ እንዲህ ዓይነት ሰው በባዶ አይነሣም። ልቅም ኃይለኛም ከሆነ፣ ራሱ እያስያዘ የሚያሳድድ ዓይነት ከሆነ፣ ገመዱን ልቀቁለት፤ እሱ ያስይዝ፣ እናንተ ኮል አድርጉ። ሁለት አስ ይዛችሁ ፍሎፑ ላይ ሌሎቹ ሁለት አሶች ከወጡ ደግሞ የሚከፍልበት ካርታ የለውም፤ እስኪያገኝ መጠበቅ ነው። ፍሎፑ ከመገለጡ በፊት ግን ተቃራኒው ይሠራል። ሁለት አስ ካልታወቀ የአንድ ሰው ካርታ ጋር 85 በመቶ ያሸንፋል፤ አራት ሰው ከተከተለ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ሁሉም በሚገባበት ጠረጴዛ መግቢያውን ማስወደድ ግድ ነው።

እንዲያም ሆኖ ትሸነፋላችሁ። 19 በመቶ ማለት ከአምስት አንዴ ገደማ ነው፤ ያቺ አንዷ ደግሞ ፖቱን ራሳችሁ ባሳደጋችሁበት ዙር ትመጣለች። ብዙዎች የሚሰበሩት እዚህ ላይ ነው፤ «ከእነዚህ ጋር በትልቁ ማስያዝ ከንቱ ነው፣ ሁሌ ይሞላላቸዋል» ብለው ወደ ትንሿ ቁልፍ ይመለሳሉ። ሳይሞላለት የከፈለባቸውን አራቱን ማንም አይቆጥርም።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ወደ አንድ ምክር ይጠቀለላል፦ እምቢ ማለት የማይችለውን ሰው፣ የሚችለውን ያህል አስከፍለው። እንዲህ ተራቁቶ ሲነገር ይከብዳል፤ መክበዱም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ ኦንላይን በ86 ዶላር ባገኘው ቦታ የፖከር የዓለም ሻምፒዮናን ዋና ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ፣ ከኋላው የጎረፈው ሕዝብ ያንኑ ተስፋ ይዞ ነበር የመጣው። ጠንቃቆቹ የሚኖሩት በዚያ ተስፋ ነው። ከስክሪኑ ወዲያ ያለው ሰው መዝናኛውን በልኩ የሚከፍል ይሁን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የያዘ ይሁን፣ እናንተ አታውቁም።

«ታዲያ ልራራለትና በትንሹ ላስይዝ?» ይህ ርኅራኄ እሱ ዘንድ አይደርስም። እናንተ የተዋችሁለትን በሚቀጥለው ዙር ሌላው ተጫዋች ይወስደዋል፤ ከየፖቱም ጨዋታውን የሚያካሂደው ቤት ድርሻውን ይቆርጣል፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ። ቤቱ ለማን እንደራራችሁ አይጠይቅም። ሕሊናችሁ ይህን አልቀበልም ካለ፣ መልሱ ያለው ጠረጴዛው ላይ መቀመጥና አለመቀመጥ ላይ ነው። ተቀምጦ ግማሽ ፖት ማስያዝ ደግነት አይሆንም።

ፖከር ለማትጫወቱት ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ውሰዱ። አዲስ አበባ ውስጥ በስፖርት ውርርድ ገንዘቡን የሚያወጣውም፣ ባሕር ማዶ በስልኩ የሚያስይዘውም ወንድማችን ዋጋ ተቆርጦለታል፤ የቆረጠው ደግሞ ከእኛ የተሻለ ሒሳብ የሚያውቅ ድርጅት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዋጋው እጥፍ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር? መልሳችሁ ሁልጊዜ «አልተወውም» ከሆነ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ካርታችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ሒሳቡ የሚሠራው በእናንተ ላይ ነው።