በአሮጌ ሌንስ ወደ አክሱም

አክሱም ደርሶ የሐውልቶቹን ሜዳ ሳያይ የሚመለስ መንገደኛ ያለ አይመስለንም። እኛም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ በሄድን ቁጥር ማለዳ ተነሥተን ወደዚያ ማቅናት ልማዳችን ነው። በዚህ ጊዜ ግን በከረጢታችን ውስጥ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ ሟቹ አባታችን በደርግ ዘመን ያነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ ሁለተኛውም ፎቶግራፉ የተነሣበት ሄሊዮስ 44-2 የተባለው የሶቪየት ሌንስ ነው። ካሜራው ራሱ በዘመን ብዛት ከጥቅም ውጭ ሆኗል።

በአባታችን ፎቶግራፍ ላይ ቆሞ የሚታየው ትልቅ ሐውልት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም 21 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ የንጉሥ ኢዛና የሚባለው ነው። 33 ሜትር የሚሆነው ታላቁ ሐውልት ዛሬም እንደሚታየው ተሰባብሮ ወድቋል። 24 ሜትር የሚሆነው ደግሞ በፋሽስት ወረራ ጊዜ ወደ ሮማ ተወስዶ ስለ ነበረ ቦታው ባዶ ነው። ይህ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ሲቆም አባታችን በሕይወት አልነበሩም። ስለዚህ እናታችን በዚያው ሌንስ፣ ከዚያው ሥፍራ ሆነን፣ ባዶው ቦታ እንደ ሞላ አንሥተን እንድናሳያቸው ለመኑን።

ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። አስቀድመን የሥራ ባልደረባችንን ባለመስተዋት ካሜራ ተውሰን ሌንሱን በአገናኝ ቀለበት ገጠምነው፤ ነገር ግን ከሦስት ሜትር ያለፈው ሁሉ ደበዘዘብን። ምክንያቱን ኋላ ተረዳነው። ይህ በ42 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሚጠመዘዝ ሌንስ ከፊልሙ በ45.46 ሚሊ ሜትር ርቀት እንዲቀመጥ የተሠራ ሲሆን፣ የዚያ ካሜራ ጥልቀት ግን 46.5 ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ሐውልቱን ከዓይናችን ሰወረችው!

መስተዋት የለሽ በሚባሉት ካሜራዎች ላይ ይህ ችግር የለም። ሌንሱን ከሴንሰሩ፣ ማለት ብርሃኑን ከሚቀበለው ሰሌዳ፣ የሚለየው ርቀት በሶኒ 18፣ በኒኮን ዜድ 16፣ በካኖን አር ኤፍ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ የጐደለውን መስተዋት አልባ የሆነ ተራ ቀለበት ይሞላዋል። ስለ መግጠሙስ ሁሉም ይገጥማሉ። ምርጫውን የቈረጠልን ሐውልቱ ነው። አባታችን የቆሙት 60 ሜትር ያህል ራቅ ብለው ነው። ከዚያ ሆኖ ይህ የ58 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ላይ 25 ሜትር ያህል ቁመት ይይዛል፤ መጠኑ የድሮው ፊልም ነውና። የፉጂፊልም ኤክስ ካሜራዎች ሴንሰር 23.5 በ15.6 ስለ ሆነ የሚይዘው 16 ሜትር ያህል ነው፤ የሐውልቱም ራስ ይቈረጣል። ወደ ኋላ ብንሸሽስ? ያን ጊዜ የአባታችን ሥፍራ መሆኑ ይቀራል።

ደመወዝተኛ ስለ ሆንን አዲስ መግዛት አልተቻለንም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ሶኒ አልፋ 7 ሁለተኛውን፣ ሰው የሠራበትን፣ ገዛን። ሴንሰሩ የእጅን መንቀጥቀጥ ያካክሳል፤ ነገር ግን አሮጌ ሌንስ ስለ ራሱ የሚናገረው የለምና 58 የሚለውን ቁጥር ራሳችን ማስገባት አለብን። ደግሞም ሌንስ ሳይኖር እንዲያነሣ ካልፈቀድንለት አያነሣም።

ከዚህ በኋላ ሥራው የጣት ነው። ሄሊዮስ 44-2 ለብርሃን መግቢያው ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ በአንዱ 8ን መረጥን፣ በሌላው ግን እስከ 2 ከፍተን ምስሉን አጠራን። ካሜራው የጠራውን ጠርዝ በቀይ ቀለም ያመለክታል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ያታልላልና ምስሉን አጉልቶ ማየት ይሻላል። ከዚያ ሁለተኛውን ቀለበት ዘጋን። የአክሱም ፀሐይ ብርቱ ስለ ሆነ፣ አሮጌውም ሌንስ ነጸብራቅ ስለማይችል፣ ባርኔጣችንን አውልቀን ጋረድንለት። በዙሪያችን የተሰበሰቡት ልጆች ሳቁብን፤ እውነትም ያስቃል።

ማታ ዐድዋ ገብተን ለእናታችን አሳየናቸው። አሮጌውን ፎቶግራፍ ከካሜራው መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ከዚያም በወረቀት ታትሞ እንዲመጣላቸው፣ ጥቁርና ነጭ እንዲሆን፣ መጠኑም ከአባታችን ፎቶግራፍ እንዳይበልጥ አዘዙን።