ማሽኑን ስንጠብቅ ሸይኻችን ዝም አሉ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን የምንጽፈው አራት ጓደኛሞች ሆነን ነው። ታሪኩ እኛን የሚያኮራ አይደለም። ግን ከእናንተ መካከል ዛሬ "ትንሽ ይቆይ፣ ሲመቸን እናደርገዋለን" የሚል አንድ ሰው አንብቦት ከተነሳ ይበቃናል።

ነገሩ የጀመረው በኮሮና ጊዜ ነው። በ2012 መስጂዶች ሲዘጉ ኮልፌ የሚያስቀሩን የሸይኻችን ደርስም ቆመ። ከመግሪብ እስከ ዒሻ እግራቸው ሥር ቁጭ ብለን የምንሰማው ድምፅ ሲቋረጥብን ነው ምን ያህል ጸጋ እንደነበር የገባን። ሸይኻችን በልጅነታቸው ወሎ ውስጥ ከሐሪማ ሐሪማ እየዞሩ የቀሩ ሰው ናቸው። ከሸይኻቸው አፍ የተቀበሉት ረጅም መንዙማ ነበር። የተጻፈበት ደብተር በዝናብ ስለተበላሸ የቀረው በእሳቸው ደረት ውስጥ ብቻ ነው። "ይህ ድምፅ መቀዳት አለበት" ተባባልን። ኒያችን ጥሩ ነበር፤ ወላሂ ጥሩ ነበር።

ከመካከላችን አንዱ ቪዲዮ ያቀናብራል። እሱ "የሸይኻችንን ድምፅ በስልክ መቅዳት ነውር ነው፣ በክብር ነው መቀዳት ያለበት" አለን፤ እኛም ተስማማን። በዚያው ሰሞን ውድ የድምፅ መሣሪያዎችን የሚሠራ አንድ የውጭ አምራች አዲስ መቅጃ ሊያወጣ መሆኑን አሳወቀ። ስሙን መጥራት አያስፈልገንም። ከደሞዛችን እየቆጠብን 42 ሺህ ብር አዋጣን፤ ዱባይ ባለው ወንድማችን በኩል ነሐሴ 2012 ቀብድ ከፈልን። መቅጃው ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል ተባለ።

ታኅሣሥ አልደረሰም። ምክንያቱን ኋላ ላይ አነበብን። ጥቅምት 10 ቀን 2013 ጃፓን ውስጥ ኖቤኦካ በምትባል ከተማ የአሳሂ ካሴይ የቺፕ ፋብሪካ በእሳት ተያይዞ ለቀናት ነደደ። በዓለም ላይ ብዙ የታወቁ የድምፅ መሣሪያ አምራቾች ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚቀይረውን ቺፕ የሚገዙት ከዚያ ነበር። ፋብሪካው ሲቃጠል አንዳንዱ አምራች የተወሰኑ መሣሪያዎቹን ማምረት አቆመ፤ አንዳንዱ ደግሞ መሣሪያውን በሌላ ቺፕ እንደ አዲስ ለመንደፍ ተገደደ። በኮሮና ምክንያት በሁሉም ዓይነት ቺፕ ላይ የመጣው እጥረት ሲጨመርበት ነገሩ ባሰ። የእኛም መቅጃ ወደ መጋቢት፣ ከዚያ ወደ ሰኔ ተገፋ። በየጊዜው የይቅርታ ኢሜይል ይመጣልናል። እኛም በየጊዜው እንናደዳለን።

በዚህ መሐል ሸይኻችን ይጠይቁን ነበር።

"ልጆቼ፣ ማሽኑ መጣ?"

"ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር ሸይኻችን።"

መስጂድ ተከፍቶ ደርሱ ሲመለስ ከእኛ ትንሹ አንድ ቀን ስልኩን ጉልበታቸው አጠገብ አስቀምጦ የመንዙማውን መጀመሪያ ሰባት ደቂቃ ያህል ቀዳ። ማታ ተሰብስበን ሰማነው። ከበስተጀርባ የፍሪጅ ድምፅ እዝዝ ይላል፤ ደጅ ላይ ልጆች ይጮሃሉ። ሳቅንበት። "ይሄማ ያሳፍራል፣ አጥፋው" አልነው። አጠፋው።

ረመዷን ሊገባ ሲል ሸይኻችን ራሳቸው ጠሩን። "በጾሙ ድምፄ ይደክማል፤ ከዚያ በፊት ብትመጡ ይሻላል። እኔም እንግዳ ነኝ" አሉን። እንደ ቀልድ ስለተናገሩት እኛም እንደ ቀልድ ሰማነው። "ሰኔ ላይ ይደርሳል ተብሏል ሸይኻችን፤ ትንሽ ይታገሱን" አልናቸው። "ካላችሁ እሺ" አሉ።

ዒድ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ለሱብሒ ሊነሱ ሲሉ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ ጎናቸውና ምላሳቸው ግን አልተመለሰላቸውም። ዛሬ "አላህ" ይላሉ፤ የልጃቸውን ስም ይጠራሉ፤ ከዚያ በላይ አይወጣላቸውም።

መቅጃው መስከረም 2014 መጣ። እሽጉን ለመፍታት የፈለገ አልነበረም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በአምራቹ መናደድ ቀላል ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን አምራቹ ቀጠሮ ባፈረሰ ቁጥር ይቅርታ ጠይቆናል፤ ምክንያቱንም ነግሮናል። እኛ ለሸይኻችን አንድም ይቅርታ አልጠየቅንም። እሳቸው ዝግጁ ነበሩ፤ ድምፃቸውም ነበር፤ ስልካችንም ኪሳችን ውስጥ ነበር። ቀጠሮውን ስንገፋ የነበርነው እኛ ነን። የሆነው በአላህ ቀደር ነው፣ አምነናል። ግን ቀደርን ለስንፍናችን መሸፈኛ እንዳናደርገው እንፈራለን።

የየማማን ዘመቻ አስታውሱ። ብዙ ቁርኣን ሐፊዞች ሲገደሉ ዑመር (ረ.ዐ) ለአቡበክር (ረ.ዐ) ቁርኣኑ እንዲሰበሰብ አሳሰቧቸው፤ ኃላፊነቱም ለዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) ተሰጠ። ዘይድ ጥሩ ወረቀት እስኪመጣ አልጠበቁም። ከተምር ዝንጣፊ፣ ከጠፍጣፋ ድንጋይና ከሰዎች ደረት ሰበሰቡ። በእጅ ባለው ነገር ነበር የተሠራው።

ለእኛ ዘመን የሚቀርብ ምሳሌም አለ። ሸይኽ ሙሐመድ ሪፍዐት ዐይነ ስውር የነበሩ ግብጻዊ ቃሪእ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1934 የግብጽ ሬዲዮ ሲከፈት በድምፃቸው ነው የተከፈተው። በኋላ ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ተቋረጠ፤ በ1950 ወደ አኺራ ሄዱ። ዛሬ ከምንሰማው ቅጂያቸው አብዛኛው ድምፃቸውን የሚወድ አንድ ሰው ከሬዲዮ ላይ የቀዳው ነው። ይንኮሻኮሻል፣ ይቆራረጣል። ግን በረመዷን ያንን ድምፅ ሰምቶ ልቡ የማይነካ ግብጻዊ ማግኘት ይከብዳል። ያ ሰው "ጥራቱ ያሳፍራል" ብሎ አጥፍቶት ቢሆንስ?

የሚያሳዝነው ደግሞ የጠበቅነው ነገር አስፈላጊ እንኳ አልነበረም። የድምፅ ቺፕ ሥራው ከማይክ የመጣውን ኤሌክትሪክ በየሰከንዱ እየለካ ወደ ቁጥር መቀየር ነው። ሲዲ ላይ የምንሰማው በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ነው። የጤነኛ ወጣት ጆሮ በሰከንድ ከ20,000 ገደማ ንዝረት በላይ ስለማይሰማ የሲዲው ልክ ለጆሯችን ይበቃዋል። አብዛኛው ስልክም ይህን ይችላል። የእኛ ማሽን 192,000 ጊዜ ይለካል ተብሎ ነበር የጓጓነው። የዚያን ቀን ቅጂ ያበላሸው ግን ፍሪጁና ክፍሉ ነበር። ፍሪጁን መንቀል፣ በሩን መዝጋት፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ መስቀል፣ ስልኩን ከጉልበት አንስቶ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ማራቅ ይበቃ ነበር። ይህ ሁሉ በነጻ የሚሠራ ነው።

ከዚያ በኋላ አላህ ትንሽ ነገር አተረፈልን። ጂዳ የምትሠራው የሸይኻችን ልጅ አባቷ በቴሌግራም የላኩላትን የድምፅ መልእክት ሁሉ ሳታጠፋ አስቀምጣ ኖሯል። 31 ናቸው። ዱዓ አለ፣ ምክር አለ፣ "ብርዱ እንዴት ነው እዚያ?" የሚል አለ። በአንዱ መልእክት መጨረሻ ላይ ከመንዙማው ሁለት ስንኝ ያህል ለራሳቸው እያንጎራጎሩ ተቀድተዋል። ከዚያ ሁሉ የተረፈን ይኸው ነው። ለሸይኻችን ስናሰማቸው ግራ እጃቸውን አንስተው የትንሹን ጓደኛችንን ራስ ዳበሱ። እኛ ግን ቀና ብለን ማየት አልቻልንም።

ማሽኑን አልሸጥነውም። አሁን በየሳምንቱ ጁሙዓ ከሰገድን በኋላ አንድ አንድ ሽማግሌ ቤት እየሄድን እንቀዳለን። መብራት ሲጠፋ ወይም ማሽኑ ሲያስቸግር በስልክ እንቀዳለን። ቀጠሮ ግን አንገፋም።

እናንተም ቤት አባባ ወይም እማማ አሉ። የመንደራችሁ ሸይኽ አሉ። የምታውቁት ታሪክ፣ የምትወዱት ዱዓ፣ የምትናፍቁት ድምፅ ይኖራል። የተሻለ ስልክ እስክትገዙ አትጠብቁ። ዛሬ ዒሻ ሰግዳችሁ ስትመለሱ ፈቃዳቸውን ጠይቁና አጠገባቸው ተቀመጡ፤ የያዛችሁትን ስልክ ክፈቱ። የቀዳችሁትንም ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ሲንኮሻኮሽ ብትሰሙም አታጥፉት።

ጤናና ትርፍ ጊዜ ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ጸጋዎች መሆናቸውን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። እኛ በሁለቱም ከስረናል፤ የሳቸው ጤና ነበር፣ የእኛ ትርፍ ጊዜ ነበር።

ለሸይኻችን ዱዓ አድርጉላቸው። አላህ ዓፊያቸውን ይመልስላቸው፤ ያስተማሩንን ዒልም ሶደቀቱን ጃሪያ ያድርግላቸው፤ እኛንም ይማረን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።