ከኒቅያ እስከ ኬልቄዶን

ከኢስታንቡል የየኒካፒ ወደብ በፈጣን መርከብ የማርማራን ባሕር ተሻግሬ ያሎቫ ወረድኩ። ከዚያ በሚኒባስ በኦርሃንጋዚ በኩል፣ የወይራውን እርሻና ሐይቁን እያየን ኢዝኒክ ገባን። የጥንቷ ኒቅያ ይህች ናት። ከተሳፋሪው መካከል ለጉባኤው ብሎ የመጣ ከእኔ በቀር ያለ አልመሰለኝም፤ ሌላው ከገበያ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ኅዳር 9 ቀን በጉባኤው የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በስንክሳር ይታሰባሉ፤ ከ14ቱ ቅዳሴያትም አንዱ በስማቸው ይጠራል።

ከተማዋ ትንሽ ናት። 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የጥንት ቅጥር ይከባታል። የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆቿ በ16ኛው መቶ ዓመት ስሟን ያስጠራውን ባለ ሰማያዊ ቀለም ሸክላ እስካሁን ይሸጣሉ። መሐል ከተማ ላይ አያሶፊያ ቆሟል። ጎብኚው ሁሉ «ጉባኤው የተካሄደው እዚህ ነው» ሲባል ይሰማል። እውነት ነው፣ ተካሂዷል፤ ግን የ325ቱ ሳይሆን በ787 ዓ.ም. (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ስለ ቅዱሳት ሥዕላት የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ኒቅያን፣ በ381 የቁስጥንጥንያን፣ በ431 የኤፌሶንን ተቀብላ እዚያ ላይ ስላቆመች፣ ይህኛው ከቁጥር አይገባም። ሥዕል እየተሳለምን አድገን ስለ ሥዕል የተከራከረውን ጉባኤ አለመቁጠራችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሕንጻውን በ1331 ሱልጣን ኦርሃን መስጊድ አደረገው፤ ኋላ ሙዚየም ሆኖ ቆይቶ ከ2011 ወዲህ እንደገና መስጊድ ነው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

በ325 ቆስጠንጢኖስ ጳጳሳቱን የሰበሰበው በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ነበር፤ ያ አዳራሽ ዛሬ የለም። አርዮስ የተወገዘው እዚያ ነው። የእስክንድርያው እለ እስክንድሮስ ሲመጣ አንድ ወጣት ዲያቆን አስከትሎ ነበር፤ አትናቴዎስ። እኔን ወደ ኒቅያ ያመጣኝ በአብዛኛው ይህ ዲያቆን ነው። ኋላ በእስክንድርያ መንበር ሲቀመጥ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው እርሱ ነውና። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንዮስ ወደ አርዮሳውያን ባዘነበለ ጊዜ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱት፣ አትናቴዎስ በተሰደደበት መንበር የተቀመጠው አዲሱ ጳጳስ ይመርምረው የሚል ነበር። ደብዳቤውን ለታሪክ ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ የኒቅያ ሙግት አክሱም ለመድረስ አንድ ትውልድ እንኳ አልፈጀበትም።

ከአያሶፊያ ወደ ሐይቁ በእግር ይደረሳል። በ2014 ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ከውኃው በታች የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ታየ። አጥኚዎቹ ከጉባኤው በኋላ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እንደተሠራና በ740 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደፈረሰ ይገምታሉ። ሰሞኑን ሐይቁ እየሸሸ ስለሆነ በምሥራቅ በኩል ግማሽ ክብ የሆነው የመቅደሱ ግድግዳ በዓይን ይለያል። በኅዳር 2025፣ የጉባኤው 1700ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የሮማው ፖፕና የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስ እዚሁ ዳር አብረው ጸለዩ። የፖፑ ስም ልዮን መሆኑ የቤተ ክህነት ሰው የሆነን ሁሉ ፈገግ ያሰኛል፤ እኛ ባልተቀበልነው የኬልቄዶን ጉባኤ የተነበበው ደብዳቤ ጸሐፊም ልዮን ነበርና።

ኢስታንቡል ስመለስ ላሌሊ አካባቢ ባረፍኩበት ሆቴል፣ ልብስ ሊጭኑ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት ነጋዴ ነበሩ። ኬልቄዶን እንሂድ ስላቸው አማተቡ።

«ምን ልሠራ ወንድሜ? ጉባኤ ከለባት አይደል እንዴ?»

«እትዬ፣ አሁን እኮ የዓሣ ገበያ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ።»

ከኤሚኖኑ ጀልባ ተሳፍረን ካዲኮይ ወረድን። በ451 ንጉሥ መርቅያን ባስጠራው ጉባኤ የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ የተሻረው፣ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትም ለሁለት የተከፈሉት እዚህ ነው። ዛሬ ካፌ፣ የመጽሐፍ መደብር፣ ወጣት የሞላበት ጎዳና ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከኒቅያ ይልቅ የተወገዘችው ኬልቄዶን ደምቃ ኖራለች። ጉባኤው የተካሄደበት የቅድስት ኤፌምያ ቤተ ክርስቲያን ጠፍቷል። በገበያው መሐል በስሟ የሚጠራ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከጥንቱ ብዙ ዘመን ዘግይቶ የተሠራ ነው። ዐፅሟ ደግሞ በወርቃማው ቀንድ ዳር በፌነር፣ በፓትርያርኩ መንበር ነው። እትዬ ከደጁ ቆመው አመነቱ። ኤፌምያ ሰማዕትነት የተቀበለችው ከጉባኤው 150 ዓመት ገደማ ቀድማ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ታዲያ እሷ ምን አጠፋች?» ብለው ገቡ፤ ሻማ አብርተው ወጡና በወይራ ፍሬ ዋጋ መከራከር ጀመሩ።

ዲዮስቆሮስ የተጋዘው ወደ ጋንግራ ነው፤ እዚያው በ454 ዐረፈ። በእኛ መታሰቢያው መስከረም 7 ሲሆን በስሙም ቅዳሴ አለው። ጋንግራ የዛሬዋ ቻንክሪ ናት፣ ከአንካራ ወደ ሰሜን ምሥራቅ። በጀልባው ስንመለስ እትዬን አብረን እንሂድ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱ ጋማ ሳትለምነኝ እመጣ ነበር» አሉ፤ «ካርጎው ግን ነገ ይዘጋል።»