የተከራየናት ሰዓት

"ጣቢያው ተሸጠ አሉ" የምትል አንዲት መስመር ማክሰኞ ማታ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ወጣች። ወዲያው ጥያቄው ተከታተለ። ማን ገዛው? መቼ ይረከባል? ምን ሊያደርገው አስቧል? አንዱ ስፖርት ብቻ ሊሆን ነው ይላል፣ ሌላው ስብከት ብቻ ሊሆን ነው ሲሉ ሰማሁ ይላል። ከሁሉም አንጀቴን የበላችኝ ግን የአንዲት እናት የድምፅ መልእክት ናት፦ "ልጆቼ፣ እሑድ እንደ ወትሮው ልክፈተው ወይስ ይቅር?"

ለእሳቸው መልስ ልጽፍ ብዬ ተቀምጬ ነው ይህን ያህል የረዘመብኝ።

ከዚህ አካባቢ ውጭ ላላችሁ ላስረዳ። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ያለን ብዙዎቻችን በአማርኛ የምንሰማው ፕሮግራም የራሱ ጣቢያ የለውም። ያለው የተገዛ ሰዓት ነው። የጣቢያው ባለቤት ሰዓቱን ቆራርሶ ለየቋንቋው ይሸጣል፤ ከእኛ በፊት በስፓኒሽ የሚናገሩ ይገባሉ፣ ከእኛ በኋላ ሌሎች። የእኛ አዘጋጆች በየወሩ ክፍያውን ይከፍላሉ፤ ያን ገንዘብ የሚያመጣው የእንጀራ መጋገሪያው፣ የትኬት ቢሮው፣ የሐዋላ ድርጅቱና ታክስ የሚሠራው የሒሳብ ባለሙያ የሚያስነግሩት ማስታወቂያ ነው። በጎደለ ጊዜ አዘጋጁ ከኪሱ ይሞላል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ቆይቷል። እኛ "ሬዲዮናችን" እንላለን፣ ልባችንም አምኖበታል፤ በወረቀት ግን ተከራይ ነን። ቤቱ ሲሸጥ ተከራይ ምን እንደሚገጥመው አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው አይጠፋውም።

ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥር 14 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ጃንዋሪ 22 ቀን 2007፣ ሰኞ፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን። ያኔ መሃል ከተማ፣ ምድር ቤት ውስጥ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ሬዲዮዬ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ አንቴናዋ ተሰብሮ በልብስ መስቀያ ሽቦ የተቀጠለች ናት። በዚያ ሁሉ ኮንክሪት ውስጥ ድምፅ የምታመጣው መስኮቱ ጥግ፣ የሳንቲም ሣጥኑ ላይ ስትቀመጥ ብቻ ነው። አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ካለች ሹሽታ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ማንም እንዲነካት አልፈቅድም ነበር።

የምሰማው ደብልዩ ጂ ኤም ኤስን ነበር፣ የከተማዋን የክላሲካል ጣቢያ። ሙዚቃውን ተምሬው አይደለም። አቅራቢዎቹ አንዱ ቁራጭ ሲያልቅ አይጣደፉም፤ የደራሲውን ስም፣ የተጫወተውን ኦርኬስትራ፣ የተቀዳበትን ቦታ አንድ በአንድ፣ ቃሉን ሳይውጡ ይናገራሉ። የዚህን አገር እንግሊዝኛ ጆሮዬ የለመደው ከዚያ ነው። ከባለመኪኖቹ ጩኸት መሃል ለእኔ በቀስታ የሚናገሩኝ ሰዎች እነሱ ብቻ ነበሩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙዚቃው ቆመና የማላውቀው የፖፕ ዘፈን ገባ። ሬዲዮዋ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ። ወደ ጥጉ መለስኳት፣ ሽቦውን አቀናሁ፣ ቁጥሩን አየሁ። ቁጥሩ ያው 104.1 ነው። ጣቢያው ግን "ጆርጅ 104" ሆኗል።

ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። ባለቤቱ ቦንቪል የሚባል ኩባንያ ነው፤ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006 መጀመሪያ፣ ክላሲካሉን ከኖረበት ከ103.5 አንስቶ ቦታውን ለዜና ጣቢያው ለደብልዩ ቲ ኦ ፒ ሰጠ፤ ክላሲካሉን አቅሙ ዝቅ ወዳለው 104.1 ወሰደው። መጀመሪያ ከሳሎን ወደ ጓሮ ማለት ነው። ጓሮ የገባ ዕቃ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ብዙ ሰው ለቀረው ጣቢያ ያዘነው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ማዘን የነበረብን በተዛወረበት ቀን ነበር።

አንድ ነገር ግን በደንብ ተሠርቷል፤ ሲነገር ስለማልሰማ እኔ ልናገር። በዚያው ዕለት ማታ የሕዝብ ጣቢያ የሆነው ዌታ፣ 90.9 ላይ፣ በ2005 ትቶት የነበረውን ክላሲካል መልሶ ጀመረ። የተዘጋው ጣቢያ የሙዚቃ ክምችት ወደ ዌታ ተላለፈ። ከአቅራቢዎቹም የተሻገሩ ነበሩ። ደብልዩ ጂ ኤም ኤስ የሚለው መጠሪያ ራሱ ዌታ ሔገርስታውን ላይ ላለው ማሰራጫ ተሰጠ። እኔ ይህን የሰማሁት መኪናቸውን ሊወስዱ ከመጡ አንድ አዛውንት ነው። ሳንቲም ሣጥኑ ላይ ያለችውን ሬዲዮ አይተው "ዘጠና ነጥብ ዘጠኝ" አሉኝ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ። መርፌዋን እዚያ ሳደርሳት ጀርባዬ ላይ የነበረ አንድ ነገር ወረደልኝ። ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃውን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ አድራሻውን በር ላይ ጽፎ እንደሚሄደው ማለት ነው።

ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ክፉ ይመጣል ብዬም አላምንም። ሌሊት ፈረቃ ስገባ የምከፍተው 96.3ን ነበር፣ ደብልዩ ኤች ዩ አርን፤ እዚህ ታክሲ የነዳ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያ ሞገድ ቀድሞ የዋሽንግተን ፖስት ኩባንያ ነበር። በ1971 ኩባንያው ጣቢያውን ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ሰጠው፤ ዩኒቨርሲቲው በዚያው ዓመት ዲሴምበር በአዲስ ስም ጀመረው። በ1976 ሜልቪን ሊንዚ የሚባል የሃዋርድ ተማሪ ማታ ማታ ለስላሳ የፍቅር ዘፈኖችን እያያያዘ ማሰማት ያዘ። ፕሮግራሙ ከስሞኪ ሮቢንሰን ዘፈን ስሙን ወስዶ "ኳየት ስቶርም" ተባለ፣ ከዚያም በመላው አሜሪካ ያሉ የጥቁር ሕዝብ ጣቢያዎች ይህንኑ አሠራር ወሰዱት። ሊንዚ በ1992 ዓረፈ፤ ማታ ማታ የሚለቀቀው ዘፈን ግን እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ሳለሁም ነበር። አዲሱ ባለቤት ጣቢያውን ከተማዋ ውስጥ ላለ ሰው ሠራው፤ የሚሰማው ማን እንደሆነ በስም ያውቀው ነበር። አንድ ገዢ ሲመጣ እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ሰው ከእኛ መሃል ማንን ያውቃል?

ሕጉ ያን አይጠይቅም። ይህን የተረዳሁት የኒውዮርኩን የደብልዩ ኤን ሲ ኤን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው። እሱም የክላሲካል ጣቢያ ነበር። በኖቬምበር 1974 ባለቤቶቹ ወደ ሮክ ቀየሩት። አድማጮቹ ማኅበር አቋቋሙ፣ ጠበቃ ያዙ፣ ተሟገቱ፤ በ1975 ኦገስት ጣቢያው ለሌላ ኩባንያ ተላልፎ ክላሲካሉ ተመለሰ። እነሱ ግን ቤታቸው ተመልሶላቸውም አልተቀመጡም። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አንድ ጣቢያ እጅ ሲለውጥ የሚቀረውን ፕሮግራም ከሕዝብ ጥቅም አንጻር ይመርምር ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1981 ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለኮሚሽኑ ፈረደ፤ ምን ዓይነት ፕሮግራም ይተላለፍ የሚለውን ኮሚሽኑ ለገበያው መተው ይችላል አለ። ጣቢያውም በ1993 መጨረሻ ላይ እንደገና ሮክ ሆነ።

ዛሬም የሚሠራው ይኸው ነው። ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ኮሚሽኑ ማጽደቅ አለበት፣ ማመልከቻው ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፣ ተቃውሞ ማቅረቢያ 30 ቀን አለ። ነገር ግን "የምሰማው ፕሮግራም ሊቀርብኝ ነው" የሚለው ብቻውን ክርክር አይሆንም። ሞገዱ የሕዝብ ነው ይባላል፤ ምን ይነገርበት የሚለው ግን የባለፈቃዱ ነው። በዚያ ላይ በ1996 የወጣው ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የጣቢያ ብዛት ገደብ አነሳ። ክሊር ቻነል የሚባለው ኩባንያ ብቻውን ከ1,200 በላይ ጣቢያዎች የያዘበት ጊዜ ነበር። ከ1,200 አንዱ የሆነ ጣቢያ ላይ የእሑድ ከሰዓት አንዲት ሰዓት፣ እዚያ ላለው ሒሳብ ሠሪ ምንድን ናት?

አባቴ በሕይወት ቢኖር ብሥራተ ወንጌልን ያነሳ ነበር። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ጣቢያ ነው፤ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ገጃ ላይ ባለ 100 ኪሎዋት ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ ከአማርኛው ሌላ በአረብኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሐውሳ፣ በሂንዲና በሌሎችም ቋንቋዎች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይናገር ነበር። ሥርዓቱ ሰላሳና ሰባ ነው፤ ሰላሳው በመቶ ስብከት፣ ሰባው ዜና፣ ጤና፣ ትምህርትና ሙዚቃ። አባቴ ኦርቶዶክስ ነበር፣ መምህርም ነበር። "እኔ የምከፍተው ለሰባው ነው" ይል ነበር። የልጆች አያያዝ፣ የውኃ አፈላል፣ የባሕር ማዶ ዜና፣ ለክፍሉ የሚነግረውን ሁሉ ከዚያ ይለቅም ነበር።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። ስሙ "የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ" ሆነ። አባቴ ያን ሲነግረኝ ሁልጊዜ እጁን አንስቶ ቁልፍ እንደሚያዞር አድርጎ ነው። "መርፌዋን አልነካኋትም" ይል ነበር። "እዚያው ናት። ድምፁ ግን ሌላ ሰው ነው።" ያኔ ጥጉ ላይ ያስተካከልኳት የእኔ ሬዲዮና የእሱ ሬዲዮ ሰሞኑን በሐሳቤ ተደርበውብኛል። በጠመንጃ መውረስና በውል መግዛት አንድ አይደሉም፤ አንዱ ግፍ ነው፣ ሌላው ንግድ ነው፤ ይህን ልዩነት አልዘነጋም። የሚሰማው ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚገጥመው ግን ያው ያልነካው መርፌ ነው። አባቴን ስለ ሰባው የጠየቀው ማንም አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት በአማርኛ የተቀዳው የጤናና የትምህርት ካሴት ምን ሆነ ብሎም ሲጠይቅ ኖረ።

"ዛሬ ሁሉም ስልክ ላይ አለ፣ ኤኤም ማን ይሰማል?" የሚል መልስ ግሩፑ ላይ አንብቤያለሁ። እውነት አለው። እኔም ሸገርን የምሰማው በስልክ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ የአዲስ አበባ የመንገድ መጨናነቅ ይነገረኛል። ነገር ግን መልእክቱን የላኩት እናት ቤት ሄጄ አውቃለሁ። ሬዲዮናቸው ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ናት። የልጅ ልጃቸው የጣቢያው ቁጥር ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጋላቸዋለች። መነጽር ሳያደርጉ፣ መርፌዋን ቀዩዋ ነጥብ ላይ ሲያደርሷት፣ የአገራቸው ሰው ይናገራል። የሞተ ይነገራቸዋል፣ የተወለደ ይነገራቸዋል፣ የጠፋ ፓስፖርት ያገኘ ሰው ይነገራቸዋል። ኢሚግሬሽን ቢሮ የቀየረው ፎርም ሲኖር መጀመሪያ የሚሰሙት ከዚያ ነው። አፕሊኬሽን ጫኑ ማለት ቀላል ነው፤ ያቺን ቀይ ነጥብ የትኛው አፕሊኬሽን ላይ እናደርግላቸዋለን?

ስለዚህ የማስበውን ልናገር። አዲሱ ባለቤት ሰዓታችንን ላይሰጠን ይችላል፤ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ከመረከቡ በፊት ግን ሄዶ ማነጋገር ይቻላል፣ ለብቻችን ሳይሆን ከእኛ በፊትና በኋላ ከሚገቡት የሌሎች ቋንቋ አዘጋጆች ጋር ሆነን። እስከ ዛሬ በአንድ ጣቢያ ላይ ሃያ ዓመት ስንጎራበት በር ላይ ተላልፈን እንጂ ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። ሌላው፣ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ቀድሞ ይነገረን፤ በዚያ ቀን ወዴት እንደምንሄድ በዚያው ሞገድ ላይ እንድንናገር ይፈቀድልን። ሦስተኛው የእኛው ሥራ ነው።

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለ። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። አንዱ ላይ በእስክሪብቶ "ፋሲካ፣ የአድማጮች መልካም ምኞት" ተጽፏል። ቴፑ ውስጥ አስገባነው። ሹሽታው ካለፈ በኋላ አንዲት ሴት ከሥራ ቦታ ሆና ስትደውል ይሰማል፤ ከኋላዋ የሳህን ኳኳታ አለ። ደብረ ዘይት ላሉ እናቷ እንኳን አደረሰዎ ትላለች፤ አዘጋጁ "እናትሽ ይሄን አይሰሙትም እኮ፣ እዚህ ብቻ ነው የሚደርሰው" ሲላት "አውቃለሁ፣ ዝም ብዬ ልበለው" አለች። አዘጋጁና እኔ ካሴቱ እስኪያልቅ አልተነሳንም። የዋሽንግተኑ ክላሲካል ጣቢያ ክምችቱን የሚረከበው ጎረቤት አግኝቷል። የብሥራተ ወንጌልን አባቴ ሲጠይቅ ሞተ። የእኛ ካርቶን ውስጥ ነው፣ ምድር ቤቱም ዝናብ በበዛ ጊዜ ውኃ ያስገባል።

ቤታችሁ የቀዳችሁት ካሴት ካለ፣ የልጃችሁ ክርስትና የተነገረበት፣ የወንድማችሁ ሐዘን የተነገረበት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛችሁ ኑ። የሚሠራ ቴፕና ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ገመድ አለኝ።

እማማ፣ ክፍያው እስከ ወሩ መጨረሻ ተከፍሏል። እሑድ ይክፈቱት። ከተፈቀደልኝ እመጣለሁ፤ እርስዎ ቀይዋ ነጥብ ላይ ያድርሱልኝ፣ እኔ እቀዳለሁ።