እግሩን ላጣ ክራንች አለ፤ እንቅልፉን ላጣስ?

ወገኖቼ፣ እዚህ ካኩማ ያላችሁም፣ በየአገሩ የተበተናችሁ ዘመዶቼም። የዛሬው ጽሑፌ ከራሴ ጥፋት ይጀምራል።

ባለፈው ወር ተማሪዎቼ ሲንጫጩብኝ ጠረጴዛውን በእንጨት ማስመሪያ መታሁት። ቆርቆሮው ክፍል አስተጋባ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ በዕድሜ ወደ እኔ የሚጠጋ አንድ ያገራችን ልጅ ዴስኩ ሥር ገብቶ ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፈነ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ፤ ሁለት ሳምንት አልተመለሰም።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ያንን ድንጋጤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው መሆኑ ነው። አባቴ የደርግ ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እኔ ገና ጡት ያልጣልኩ ሕፃን ነበርኩ። ከጓደኞቹ አንዳንዱ በሬና ዘር አገኘ፣ እግሩን ያጣው ሰው ሠራሽ እግር ተሰጠው። ሌሊት እየጮኸ ለሚነሣው አባቴ ግን “ምን ሆነሃል?” ያለው አልነበረም። ጎረቤት “ሰይጣን ነው” አለ፣ እናቴ ጸበል ወሰደችው። እኛ ልጆቹ ከሀ ሁ በፊት የተማርነው በር ቀስ ብሎ መዝጋትን ነው።

ተማሪዬን ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። “ቲቸር፣ አንተ በምን ታውቃለህ” አለኝ። ከዚያ አወራኝ፤ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል። በሰሜኑ ጦርነት ጓደኛው አጠገቡ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለውም። ለአለቃው ሲናገር የተሰጠው መልስ “ፈሪ! ከግዳጅ ለማምለጥ ነው” የሚል ነበር። ሦስት ሌሊት አስረውት ወደ ምሽግ መለሱት። ከዚያ ጠፋ። በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ አልጽፍም፤ ለዚህ ነገር ለውጥ የለውም።

“ሕመሜን ቢጽፉልኝ በሽተኛ ነበርኩ፤ ስላልጻፉት ከዳተኛ ሆንኩ” አለኝ።

ይሄ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር በመክዳት፣ በፍርሃትና በመሳሰለው 306 ወታደሮችን ረሸነ። ከመካከላቸው መድፍ አእምሯቸውን ያናወጠባቸው ነበሩ። ይቅርታ የተደረገላቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሙታን! ፒቲኤስዲ የሚለው ስም ራሱ በአሜሪካ ሐኪሞች መጽሐፍ የገባው ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ተመላሽ ወታደሮች ስለጮኹ። ጦር አንዱን “ታመሃል” ካለ ነገ አሥሩ ይመጣል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሕመሙን የዲሲፕሊን ጉድለት ያደርገዋል።

ዋጋውን ደግሞ እዚህ እንከፍላለን። በስደተኝነት ቃለ መጠይቅ “ለምን ከዳህ? ቀኑ መቼ ነበር?” ይባላል። የሕክምና ወረቀት የለም። ሕመሙ ትዝታን ስለሚቆራርጥ ቀኖቹ ይደባለቃሉ፤ ሰሚው ውሸት ይመስለዋል።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከቃለ መጠይቁ በፊት ክሊኒክ ሂዱ። ቅዠቱን፣ ድንጋጤውን፣ እንቅልፍ ማጣቱን ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ካርዳችሁ ላይ እንዲጻፍላችሁም ጠይቁ። ቀኑ ካልመጣላችሁ “አላስታውስም” በሉ፤ አትገምቱ።

እናንተ ዘመዶችም በስልክ “ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ጀግና አይደለህ እንዴ?” አትበሉ። እናንተ ለማበርታት ትሉታላችሁ፤ እሱ ግን የሚሰማው ያንን አለቃ ነው። ጸበሉን አልቃወምም። ሰንሰለቱ ግን ይቅር፤ አንድ ጊዜ የታሰረ ሰው ነው። ሐኪምም ይየው።

አባቴ ሳይታከም አለፈ። አንድ ቀን እንኳ “ሌሊት ምን ታያለህ?” ብዬ አልጠየቅሁትም። ተማሪዬ ግን ሰኞ ተመለሰ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ማስመሪያውን ቤት ትቼዋለሁ። ክፍሉ ሲንጫጫ እጄን አንሥቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ዝም ይላሉ።

በየብሎካችሁ እንደሱ ያለ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ሂዱና ቡና አብራችሁት ጠጡ። በሩን ስታንኳኩ ቀስ በሉ።